ካልሲየም የገባበትን በር ራሱ እንዴት ይዘጋዋል?

ወንድሜ፣ «ካልሲየም በቻናሉ (በሴሉ ሽፋን ላይ ባለው የፕሮቲን በር) ወደ ነርቭ ሴል ከገባ በኋላ ያው ካልሲየም መልሶ ቻናሉን የሚዘጋው እንዴት ነው?» ላልከው፣ ዋናው ሠራተኛ ካልሞዱሊን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ነው። ብዙ ሰው ካልሞዱሊን ካልሲየም ሲገባ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ቻናሉ ገና ሳይከፈት፣ ወደ ሴሉ ውስጥ በተዘረጋው የቻናሉ ጭራ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ቦታው ወሳኝ ነው፤ ሴሉ ዕረፍት ላይ ሳለ በውስጡ ያለው ነጻ ካልሲየም ከውጭው በ10,000 እጥፍ ገደማ ያንሳል፣ በሩ ሲከፈት ግን የቻናሉ አፍ ላይ ያለው መጠን በቅጽበት ስለሚያሻቅብ ካልሞዱሊን እዚያው ሆኖ ቀለብ ያደርገዋል።

ካልሞዱሊን ሁለት ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ 2 ካልሲየም ይይዛል። ሲይዝ ቅርጹ ይለወጣል፣ ጭራውን የጨበጠበት መንገድም ይቀየራል፣ ቻናሉም ፍሰቱን ይቀንሳል። በጣም የሚገርመኝ ከካልሲየም ቻናሎች አንዱ የሆነው ፒ/ኪው ዓይነት የሚባለው ቻናል ነው፤ እዚያ አንዱ ጫፍ ፍሰቱን ያጠናክራል፣ ሌላኛው ደግሞ ያዳክመዋል። አንድ ፕሮቲን፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ!

ይህን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ የባሪየሙን ሙከራ እይ። በካልሲየም ፋንታ ባሪየም ሲደረግ ቻናሉ ያሳልፈዋል፣ ካልሞዱሊን ግን በደንብ አይዘውም። ስለዚህ ካልሲየም ሲሆን በግራፉ ላይ ቶሎ የሚወርደው የፍሰት መስመር በባሪየም ጊዜ ዝግ ብሎ ነው የሚወርደው።

ካልሲየም ያዥ ፕሮቲን 1 የሚባል የካልሞዱሊን ዘመድም አለ። ኤል ዓይነት በሚባለው ሌላ የካልሲየም ቻናል ላይ ከካልሞዱሊን ጋር ቦታ ይሻማል፤ እሱ ካሸነፈ ያ መዘጋት ይቀርና ካልሲየም ረዘም ላለ ጊዜ ይገባል።