አራቱ ክንፎች የት ገቡ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ለአንድ ዘንግ የኩሽኔታ መያዣ ነድፌ ነበር። ክብ ፍላንጅ፣ ማለትም በቡሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ሳህን አለው። ከፍላንጁ መሃል ቱቦ መሰል እምብርት ይወጣል። እምብርቱን ከፍላንጁ ጋር አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፎች ይደግፉታል። በኮምፒውተር ሠርቼ፣ መሃል ለመሃል ቆርጬ፣ ሴክሽኑን (ተቆርጦ የሚታየውን ስዕል) አትሜ ለቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ ለሚቀርጸው ማሽን ባለሙያ ሰጠሁት። የተመለሰልኝ ዕቃ ክንፍ የለውም! በክንፎቹ ቦታ ድፍን ኮን ቁጭ ብሏል። ክብደቱ አይጣል ነው፤ ቡሎኖቹም መቀመጫ አጡ። ባለሙያው ‹የሰጠኸኝን ነው የሠራሁት› ይለኛል። ኮምፒውተሩ የቆረጠውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ስህተት የለበትም። ጥፋቱ የማን ነው? ሌላው ደግሞ፣ ይኸው ዕቃ ለሠልጣኞች ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ስዕል እንዲሠራለት ተጠይቄያለሁ። ያንኑ ሴክሽን አሳድጌ ብሰቅለው ምን ይለዋል?»

ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ወንድሜ። አትዘን፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። የቶርኖው ባለሙያም ደውሎ ቢጠይቅህ ጥሩ ነበር። ግን እጁ ላይ የነበረውን ወረቀት እንየው። አንድ ስዕል ብቻ ነው የሰጠኸው። ዕቃው ከፊት ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ስዕል አላያያዝክም። በዚያ በአንዱ ስዕል ላይ ደግሞ ከእምብርቱ እስከ ፍላንጁ ያለው ሦስት ማዕዘን በሙሉ በሃች፣ የተቆረጠን ገጽ በሚያመለክቱ ሰያፍ መስመሮች፣ ተሞልቷል፤ ከማዕከላዊው መስመር በላይም በታችም። ቶርኖ ላይ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ስዕል ሲያይ በሐሳቡ ያሽከረክረዋል። ያ ሦስት ማዕዘን ሲሽከረከር ኮን ይሆናል። ኮን ማውጣት ደግሞ ለእሱ ቀላል ሥራ ነው፤ ለምን ይጠራጠራል?

በላክልኝ ልክ አሰላሁት። እምብርቱ በውጭ 60 ሚሊሜትር ነው። ፍላንጁ 160። እያንዳንዱ ክንፍ ከእምብርቱ ወደ ውጭ 45፣ ከፍታው 60፣ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር። አራቱ ክንፎች በብረት ሲሠሩ ተደምረው 340 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። የተሠራልህ ኮን 3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ዘጠኝ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መሃል ለመሃል የተቆረጠው ገጽ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ቁርጥ አላቸው።

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም ያልከው እውነት ነው። ኮምፒውተሩ መጋዝ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይቆርጣል። ሴክሽን የሚስል ሰው ግን የማይቆርጠውን ይመርጣል። ይህ የኔ ፈሊጥ እንዳይመስልህ፤ በአይሶ 128፣ በዓለም አቀፉ የቴክኒክ ስዕል ደረጃ፣ የተደነገገ ነው። ክንፍ፣ ዘንግ፣ ቡሎንና ዳዶ፣ የመንኮራኩር ስፖክና የመሳሰሉት በርዝመታቸው ሲቆረጡ፣ እንዳልተቆረጡ ሆነው ይሳላሉ። ሃች አይገባባቸውም። ዘንግና ቡሎን ድፍን ስለሆኑ ቢሰነጠቁም የሚያሳዩት ምስጢር የላቸውም። የክንፍ ምክንያት ሌላ ነው። ክንፍ ቀጭን ነገር ነው፤ በሃች ስትሞላው ድፍን ይመስላል። የደረሰብህ ይኸው ነው።

«በርዝመታቸው» የሚለውን ቃል ግን አትዝለለው። ያንኑ ክንፍ እንደ እንጨት ግንድ በአግድም ብትቆርጠው ሃች ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ውፍረቱን ነው የምታሳየው። አንዳንድ ጀማሪ ደንቡን በግማሽ ሰምቶ ክንፍን የትም ቢሆን ሃች አላደርግም ይላል። እሱም ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ያንተን ስዕል እናስተካክል። ክንፎቹ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ናቸው። የቡሎን ቀዳዳዎቹ በክንፎቹ መካከል፣ በ45 ዲግሪ ላይ ናቸው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የወረደው ቁርጥህ ሁለት ክንፍ ሰንጥቆ አንድም ቀዳዳ ሳይነካ አለፈ። ቀዳዳው ፍላንጁን አልፎ እንደሚወጣ እንኳ ስዕልህ አይናገርም። ቁርጡን በ45 ዲግሪ ብታዞረው ደግሞ ቀዳዳዎቹን ታገኛለህ፣ ክንፎቹ ግን ከኋላ በሰያፍ ይታዩና ያጥራሉ። ከመሃል እስከ ክንፉ ጫፍ 75 ሚሊሜትር የነበረው 53 ገደማ መስሎ ይሳላል። አንዱን ብታድን ሌላው ያመልጥሃል።

መውጫው ቁርጡን ማጠፍ ነው። ከፊት በሚታየው ስዕል ላይ የቁርጡን መስመር ከላይ አምጣና በላይኛው ክንፍ አሳልፈህ እስከ መሃል አውርደው። መሃል ላይ ሲደርስ እጠፈውና በታች በቀኝ ባለው ቀዳዳ በኩል አውጣው። ሴክሽኑን ስትስል ሁለተኛውን ግማሽ አሽከርክረህ ከመጀመሪያው ጋር ቀጥ አድርገው። እንዲህ ሲሆን ቀዳዳው ከመሃል በእውነተኛ ርቀቱ፣ በ65 ሚሊሜትር ላይ ይታያል። ሳታሽከረክር ብትስለው ግን 46 ላይ ያለ ይመስል ነበር። ከላይ ያለውን ክንፍ ዙሪያውን በደማቅ መስመር ክበበው፤ ውስጡን ባዶ ተወው። ፍላንጁንና እምብርቱን ሃች አድርግ። መታጠፊያው ላይ በሴክሽኑ ስዕል ምንም መስመር አይሰመርም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመታጠፊያው ምልክት ቦታው ከፊት በሚታየው ስዕል ላይ ነው።

8 ሚሊሜትሩ ውፍረትስ? ክንፉ ራሱ ላይ ትንሽ ቁርጥ ጣልበት። ክንፉን በሐሳብህ በአግድም ቁረጠው፣ የተቆረጠውን ገጽ 90 ዲግሪ አዙረህ እዚያው ክንፉ ላይ በቀጭን መስመር ሳለው፣ ሃች አድርገው፣ 8 ብለህ ልኩን ጻፍበት። ይህች ትንሽ ስዕል ብቻዋን ብትኖር ኖሮ ያ ኮን አይሠራም ነበር።

ሶሊድወርክስ የተባለውን የንድፍ ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ፣ ሴክሽኑን ስታወጣ የማይቆረጡትን እንድትመርጥ ይጠይቅሃል። ክንፉን ምረጠውና ትቶት ያልፋል። ግን ክንፉ በራሱ በሪብ (በክንፍ መሥሪያው) ትእዛዝ የተሠራ መሆን አለበት። እንደ ተራ አካል ካበጀኸው ፕሮግራሙ ክንፍ መሆኑን በምን ያውቃል? ያኔ ሃቹን ራስህ ታስተካክላለህ።

አንድ ቁርጥ ብቻውን እንደማይበቃ ከጥንት የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. የቡሽን ስዕል ሲያሳትም በስለት ስስ አድርጎ ከቆረጠ በኋላ በአጉሊ መነጽር አየው። «ሴል» የሚለውን ስም ያወጣው ያኔ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ስሙ አይደለም። ሰውዬው ቡሹን በአንድ አቅጣጫ ቆርጦ አላቆመም። በርዝመቱም በአግድሙም ቆርጦ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳላቸው፤ መልካቸውም ይለያያል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ጉድጓዶቹ ረጃጅም ቱቦዎች ይሁኑ አጫጭር ሳጥኖች በምን ይለያል? የቶርኖው ባለሙያ የገጠመው ይኸው ጥያቄ ነው።

ስለ ሃቹ ባጭሩ። በ45 ዲግሪ፣ በቀጭን መስመር። ኩሽኔታውንና መያዣውን አብረህ ስትስል ሃቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጋደም፤ ሦስተኛ አካል ካለ የመስመሮቹን ርቀት ለውጥበት። የአንድ አካል ሃች ግን የትም ቦታ ቢታይ አንድ ዓይነት ይሁን። ጋስኬት (በሁለት አካላት መካከል የሚገባ ማሸጊያ) የመሰለ ቀጭን ነገር ጥቁር ተደርጎ ይሞላል። ልክ የምትጽፍበት ቦታ ላይ ሃቹን ቆርጠህ ለቁጥሩ ቦታ ልቀቅለት።

ሌላም የማስታውስህ ነገር አለ። ከፊት የሚታየውን ስዕል ስትጨምር የቁርጡ መስመር ጫፍ ላይ ቀስት አትርሳ። ቀስቱ ቆርጠህ ወደ የት እንደምታይ ይናገራል። ይህችን ነገር በራሴ ላይ ደርሶ አውቃታለሁ። በወጣትነቴ ለአንድ ዎርክሾፕ የቫልቭ አካል ስስል ቀስቶቹን ገልብጬ አደረግኩ። የዘይት መግቢያው ቀዳዳ በግራ መሆን ሲገባው በቀኝ ተበሳ። አንድ ሳይሆን ስድስት ዕቃ! ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሴክሽን ከመስጠቴ በፊት ቀስቱን በጣቴ እየነካሁ ነው የማየው።

ሐኪሞች ይህን ችግር በስምምነት ዘግተውታል። በሲቲ ስካን በአግድም የተቆረጠ የሰውነት ምስል የሚታየው ከእግር በኩል ወደ ራስ እየተመለከቱ ነው። ስለዚህ የታካሚው ቀኝ በምስሉ ግራ ላይ ይወድቃል፤ ጉበት በስተግራ ይታያል። የማያውቅ ሰው የተገለበጠ ይመስለዋል። ሁሉም በአንድ ደንብ ስለሚያይ ግን እያንዳንዱ ምስል ላይ ቀስት መሳል አላስፈለገም። እኛ ዕቃውን ከፈለግነው አቅጣጫ ስለምንቆርጥ ያለ ቀስት አንችልም።

አሁን ወደ ግድግዳው ስዕል። ያንኑ ሴክሽን አሳድገህ አትስቀል። የቶርኖ ባለሙያን ያሳሳተ ስዕል ጀማሪን ምን ሊያደርገው ነው? የተስተካከለውም ቢሆን ለሠልጣኝ ይደርቃል። ዕቃውን ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ በአንድ ስዕል እንዲታይ አድርገህ ሳለውና ሩቡን ብቻ ቆርጠህ አውጣለት። ሦስት አራተኛው ከውጭ እንዳለ ይቆይ፤ ሠልጣኙ ክንፎቹን በዓይኑ ይቁጠር። ከሁለቱ ቁርጥ ገጾች አንዱ በክንፎች መካከል፣ በቀዳዳው በኩል ይለፍ። ሁለተኛውም በተመሳሳይ ቀዳዳ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ቀዳዳዎቹ በ90 ዲግሪ ስለሚራራቁ ሩብ ስትቆርጥ ልክ ይገጥምልሃል። ሁለቱም ገጾች ክንፍ አይነኩም ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ክንፍ አብሮ ይወጣል፤ ሦስቱ ይቀራሉ።

ግማሹን ገላልጦ ግማሹን እንዳለ መተው አዲስ ነገር አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1489 እ.ኤ.አ. የራስ ቅል ሲስል በአንዱ ስዕል የፊቱን አንድ ጎን እንዳለ ትቶ ሌላውን ቆርጦ ከጉንጭና ከግንባር አጥንት ጀርባ ያሉትን ባዶ ክፍሎች አሳየ። ዓይንህ ከዳነው ጎን ወደ ተቆረጠው ሲሄድ ክፍተቱ ከፊቱ የት ላይ እንደሆነ ወዲያው ይገባሃል። ቁርጡን ለብቻው ብታየው አጥንትና ጉድጓድ ብቻ ነው። ባንተም ስዕል የዳነው ሦስት ሩብ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የተቆረጡትን ገጾች ብቻ በአንድ ደማቅ ቀለም ቀባ። ቀይ ጥሩ ነው፤ ለማስተማሪያ ተቆርጠው የሚቀመጡ እውነተኛ ሞተሮችም ብዙ ጊዜ ቁርጣቸው ቀይ ይቀባል። ዘንጉን አትቁረጠው፤ እንዳለ ይሻገር። በዘንጉና በኩሽኔታው መካከል ያለው ክፍተት በግድግዳ ስዕልም ቢሆን አይታይም፤ እንዲታይ ካሰፋኸው ታዲያ ከሥሩ ጻፍ። የመሬት ሥር ቁርጥ የሚስሉ ጂኦሎጂስቶች ከፍታውን ከአግድሙ አብልጠው ሲስሉ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይጽፋሉ። ባይጽፉት በ10 እጥፍ ከፍታ 5 ዲግሪ ያዘነበለ ንጣፍ 41 ዲግሪ ገደል መስሎ ይታያል።

የተሠራውን ዕቃ አትጣለው። ክብደቱ የማያስጨንቅህ ከሆነ ኮኑ ከክንፎቹ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ያጣኸው የቡሎን መቀመጫ ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ መሆን ባለባቸው በ65 ሚሊሜትር ላይ ኮኑ 13 ሚሊሜትር ገደማ ከፍታ አለው፣ ያውም ያዘነበለ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ መቀመጫ እስከ ፍላንጁ ድረስ በፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ በሚቀርጽ ማሽን) አስወርድ። ለ12 ሚሊሜትር ቡሎን፣ ለሮንዴላውና ለቁልፉ ይበቃል። ወደ እምብርቱ በኩል 33 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ስላለው መቁረጫው ረዘም ያለ ይሁን። ለዚህም ሥራ ንድፍ ስትሰጥ ከፊት የሚታየውን ስዕል አብረህ አያይዝ።