ሁሉንም ኖርማላይዝ አድርጌ ለምን እኩል አይሰማም? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የላካችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚገናኙት፣ የተለያየ ቦታ የተቀዱ ድምፆችን ሶፍትዌር ውስጥ አምጥቶ እኩል ማሰማት። ቀላል ይመስላል ግን ስንት ጥሩ ዘፈን ስንት ጥሩ መዝሙር እዚህ ጋር ነው የሚበላሸው፣ ሙዚቀኛው ለፍቶ ድምፃዊዋ ከልቧ ዘፍና አድማጩ ግን ቮሊዩም ሲጨምርና ሲቀንስ ያልቅበታል፣ ያሳዝናል። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ትቼ እዚሁ ላይ ነው የምቆየው።

ማሲንቆውን ቤቴ ቀዳሁ፣ ከበሮውን ጓደኛዬ ጋር፣ ድምፃዊዋ ደግሞ በስልኳ ቀድታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሦስቱንም ኖርማላይዝ አድርጌ -1 ላይ አመጣኋቸው፣ ግን ማሲንቆው ይጮሃል ከበሮው የለም ማለት ይቻላል። ሶፍትዌሩ ነው ችግሩ? (ከባህር ዳር)

ሶፍትዌሩ ምንም አልሆነም ወንድሜ፣ ያዘዝከውን ነው የሠራው። ተራው ኖርማላይዝ የሚያየው ፒኩን ብቻ ነው፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ያለችውን አንዷን ከፍተኛ ነጥብ ይፈልግና እሷን -1 ዲቢ ላይ (ዲቢ የድምፅ መጠን መለኪያ ነው፣ ዜሮው ጣራው ነው) አድርሶ ሌላውን ሁሉ አብሮ ያነሳል ወይ ያወርዳል። አሁን ከበሮውን አስበው፣ እጅ ቆዳው ላይ ሲያርፍ በጣም አጭር የሆነች ሹል ነገር ትወጣለች ከዛ ወዲያው ይወርዳል። ማሲንቆው ግን በደጋን ስለሚመታ ድምፁ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ፒኩና አማካዩ በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ የሁለቱም ፒክ -1 ሆኖ ማሲንቆው በአማካይ -12 ላይ ከበሮው -24 ላይ ቢሆን ምንም አይገርምም፣ የ12 ዲቢ ልዩነት ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ በጆሮ 10 ዲቢ ማለት እጥፍ ያህል ነው የሚሰማው።

ጆሯችን የሚሰማው አማካዩን ነው፣ ያቺን ሹል ነጥብ አይደለም። ለዚህ ነው ላፍስ (LUFS) የሚባለው የአማካይ ጩኸት መለኪያ የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አለካኩን ደንብ አድርጎ አወጣው፣ ዛሬ ቴሌቪዥኑም ስፖቲፋዩም ዩቲዩቡም መሠረቱ ያ ነው። ሪፐር የሚባለውን የቀረጻ ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነ ክሊፖቹን (የተቀዱትን የድምፅ ቁራጮች) ምረጥና ኖርማላይዝ አይተምስ ውስጥ ገብተህ ፒክ የሚለውን ትተህ ላፍስ የሚለውን ያዝ። ኦዳሲቲ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የሚባል ለብቻው አለ፣ ከተራው ኖርማላይዝ ጋር እንዳታምታታው። ሦስቱንም መጀመሪያ -20 ላፍስ አካባቢ አምጣቸው፣ ከዛ ፒካቸውን እይ፣ ከበሮው ዜሮን ካለፈ ሦስቱንም እኩል ዝቅ አድርጋቸው።

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆማል፣ አንተ እንዳትቆም። ላፍስ ወፍራም ድምፅን አሳንሶ ነው የሚቆጥረው፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ይቀንሳል ከ2 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ደግሞ በ4 ዲቢ ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ጆሯችንም ወደዛ ስለሚያደላ ማለት ነው። እና የከበሮው ያ ደረት የሚመታው ድምፅ ሜትሩ ላይ ከሚታየው በላይ ቦታ ይይዛል። ለዚህ ቁጥሩ እኩል ካደረገልህ በኋላ የስፒከሩን ቮሊዩም በጣም ዝቅ አድርግ፣ ሰው አጠገብህ ሆኖ ቀስ ብሎ ቢያወራ የምትሰማው ያህል፣ ማስተሩን (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚወጣበትን ትራክ) ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙን አንድ፣ አድርግና አድምጥ። ሲጮህ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ ዝቅ ሲል ግን የትኛው እንደጠፋ ወዲያው ይታወቃል። ድምፃዊዋን አስቀድመህ ቦታዋን አስይዛት ከዛ ከበሮውን፣ ማሲንቆው ከሁለቱ መሀል ይገባል።

በነገራችን ላይ ድምፃዊዋ በቮይስ ሜሴጅ ከሆነ የላከችልህ በጣም ተጨምቆ ነው የደረሰህ፣ በስልኩ መቅጃ ቀድታ እንደ ፋይል አድርጋ ትላክልህ፣ ልዩነቱን ራስህ ትሰማዋለህ።

ለምን ይሄ ሁሉ? ፌደሩን (የትራኩን ድምፅ ማንሸራተቻ) ከፍ ዝቅ ባደርግ አይበቃም? (ከአዳማ)

ትራኩ ላይ ምንም ፕለጊን (ድምፁን የሚቀይር ተጨማሪ መሣሪያ) ከሌለ ይበቃል። ኮምፕሬሰር (የሚጮኸውን የሚያፍን ፕለጊን) ካለ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ፌደሩ የሚመጣው ከፕለጊኖቹ በኋላ ነው። አንዱ ስንኝ በጩኸት ተቀድቶ ሌላው በሹክሹክታ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ የመጀመሪያውን አፍኖ ይይዘዋል ሁለተኛውን አይነካውም፣ ከዛ አንተ በፌደር እኩል ብታደርጋቸውም አንዱ የታፈነ አንዱ የተለቀቀ ሆኖ ይሰማል፣ ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክሊፑን ራሱን ነው ማስተካከል፣ ክሊፕ ጌይን የሚባለውን። ፕሮቱልስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አለ፣ ሎጂክ ላይ ሪጅን ጌይን ይሉታል፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ 21 እና ከዛ በኋላ የወጡት ላይ ደግሞ ፕሌይሊስቱ ውስጥ ክሊፑ ላይ ታገኘዋለህ። የቆየ ኤፍኤል ካለህ ፍሩቲ ባላንስ የሚባለውን የድምፅ መጠን ማስተካከያ ፕለጊን የመጀመሪያው ስሎት ላይ አስገባና በሱ አስተካክል፣ ግን እሱ ለሙሉ ትራኩ ነው፣ ስንኝ በስንኝ ከፈለግህ ክሊፖቹን በተለያየ ትራክ መክፈል አለብህ። ፌደሩን መጨረሻ ላይ ለስሜት ትጠቀምበታለህ።

አንድ ድምፃዊ አንዱን ስንኝ ማክሰኞ ሌላውን ቅዳሜ ዘፈነ። ላፍሱን እኩል አድርጌዋለሁ ግን አሁንም መጋጠሚያው ያስታውቃል። (ከሐዋሳ)

ያ የቮሊዩም ችግር አይደለም፣ ማይኩ ጋር የነበረው ርቀት ነው። ቅዳሜ ራቅ ብሎ ከቆመ ወፍራሙ ድምፅ ይቀንሳል የክፍሉ ማስተጋባት ይጨምራል፣ ያንን ጌይን አያመጣውም። መጀመሪያ በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚያስተካክለው) ቀለሙን አቀራርብ፣ ከዛ ነው ሌቭሉን (የድምፅ መጠኑን) የምታስተካክለው፣ ኢኪው ስትነካ ሌቭሉም ስለሚቀየር በተቃራኒው ብትሄድ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሆንብሃል። የክፍሉ ድምፅ በጣም ከገባበት ግን እንደገና ይዝፈነው፣ የምሬን ነው፣ ርቀቱን በስንዝር ለክታችሁ።

ከጓደኛዬ ጋር ፖድካስት እንሠራለን፣ እኔ ጥሩ ማይክ አለኝ እሷ በስልክ ኢርፎን ነው የምትቀዳው። ድምፄ ሁልጊዜ ከሷ ይበልጣል፣ ኮምፕሬሰር አስገባሁ አልተስተካከለም። (ከዱባይ)

እህቴ፣ መጀመሪያ የሁለታችሁ ድምፅ በየራሱ ፋይል መሆን አለበት፣ ተቀላቅሎ ከመጣ ብዙ ማድረግ አይቻልም። ከዛ ሁለቱንም ፋይል ለየብቻ ለኪ። ላፍስ አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ ዝምታን አይቆጥርም፣ ከአማካዩ በ10 በታች የሆነውን ክፍል ይተወዋል፣ ስለዚህ ጓደኛሽ ግማሹን ሰዓት ስታዳምጥ ብትቆይም ቁጥሯ አይዛባም። የሚያዛባው ሳቅ ነው። አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ ስትስቁ ያንን ቦታ ቆርጣችሁ ለብቻው በ6 ዲቢ ያህል ዝቅ አድርጉት፣ ከዛ በኋላ ለኩ።

ሁለታችሁም እኩል ከሆናችሁ በኋላ ነው ኮምፕሬሰር የሚገባው፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ስታስገቢው ያልሠራልሽ። ላለቀው ፋይል አፕል የሚመክረው -16 ላፍስ ነው፣ ፒኩ ከ-1 ሳያልፍ። እና ልብ በይ፣ ሞኖ አድርገሽ የምታወጪው ከሆነ ብዙ ሜትሮች በ3 አሳንሰው ነው የሚያነቡት፣ ሞኖው -19 ሲል ስቴሪዮው -16 ካለው ጋር እኩል ነው። ኦዳሲቲ ላይ ሞኖን እንደ ስቴሪዮ ቁጠርልኝ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ እሷን አትርሺ። ደግሞ እዛው መጀመሪያ ስትከፍቺው -23 ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ ያ የአውሮፓ ቴሌቪዥኖች ቁጥር ነው፣ ለስልክ አድማጭ በጣም ዝቅ ይላል፣ አጥፊውና የራስሽን ጻፊ።

የጓደኛሽ ድምፅ ከፍ ሲል የፋን ድምፅም አብሮ ከፍ ይላል፣ ዱባይ ያለ ኤሲ እንደማይኖር አውቃለሁ ግን ለዛች ግማሽ ሰዓት ታጥፋው።

ወላጅ አባቴ የተዉልኝ ብዙ ካሴት አለ፣ የሰርግ ዘፈን፣ በገና፣ የዘመድ ድምፅ ሳይቀር። ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። አንዱ ዘፈን ይጮሃል አንዱ አይሰማም፣ ሁሉንም እኩል ላድርጋቸው? (ከቨርጂኒያ፣ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ)

ጋሼ፣ ይሄን ጥያቄ ሳነብ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ካሴት በየቀኑ እየደከመ የሚሄድ ነገር ስለሆነ አሁን መጀመርዎ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት፣ ከካሴቱ የገለበጡትን የመጀመሪያውን ፋይል ምንም ሳይነኩት ለብቻው ያስቀምጡት፣ ሁለት ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው። ማስተካከሉ በኮፒው ላይ ይሁን። ሲገለብጡ ሶፍትዌሩ ውስጥ ካሉት የጥራት ምርጫዎች 24 ቢት የሚለው ላይ ያድርጉት፣ ከፍተኛው ድምፅ -6 አካባቢ እንዲደርስ አድርገው፣ ከዛ በላይ መግፋት አያስፈልግም።

ሁሉንም እኩል ያድርጉት ወይ ላሉኝ፣ አያድርጉ። የአንድ ካሴት አንድ ገጽ አብሮ የተሠራ ከሆነ እንደ አንድ ነገር ነው የሚቆጠረው፣ ገጹን በሙሉ አንድ ላይ ነው ከፍ ዝቅ ማድረግ። በገና ከሰርግ ዘፈን ጋር እኩል እንዲጮህ ከተደረገ በገናነቱ ይጠፋል፣ በገና ዝግ ብሎ ነው የሚደመጠው፣ ሰውየው ለራሱ እንደሚጸልይ። ከተለያየ ካሴት የመጡትን ግን በአንድ ላይ ለማዳመጥ ከፈለጉ የሰውን ድምፅ መለኪያ ያድርጉ፣ ዘፋኙ ወይ ደርዳሪው ከፊትዎ ተቀምጦ ቢሆን የሚሰማዎትን ያህል፣ በሁለትና በሦስት ዲቢ ብቻ እያስጠጉ። ዝቅ ያለውን በ10 እና በ15 ካነሱት የካሴቱ ሽሽታም (ያ ‹ሽ...› የሚለው ድምፅ) አብሮ ይነሳል፣ ዘፈን ከዘፈን ሲቀየር ሽሽታው መቀያየሩ ደግሞ ከድምፁ መለያየት በላይ ጆሮ ይረብሻል።

አንድ ሌላ፣ ግራና ቀኙ እኩል አለመሆኑን ይመልከቱ። ብዙ የቤት ቅጂ ሞኖ ነው፣ አንዱ ጎን ከደከመ ጥሩ የሆነውን ጎን ብቻ ወስደው በሁለቱም በኩል ያድርጉት። የዘመዶችዎን ድምፅ ያለበትን ደግሞ ማን እንደሆኑ የፋይሉ ስም ላይ ይጻፉበት፣ እርስዎ ካልጻፉት ልጆችዎ አያውቁትም።

ዘፈኔን -14 ላፍስ ላይ አውጥቼ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት፣ ከሌሎች ዘፈኖች ያነሰ ይሰማኛል። ተዋሽቻለሁ? (ከአዲስ አበባ)

አልተዋሸሽም፣ ግን -14 ኢላማ አይደለም። ስፖቲፋይ በተለመደው ሴቲንግ ሁሉንም ወደ -14 ያመጣል፣ ዩቲዩብ ደግሞ የሚጮኸውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ዝቅ ያለውን አያነሳም። ስለዚህ የሌላው ዘፈን -8 ሆኖ ቢጫንም ወደ ታች ወርዶ ካንቺ ጋር ነው የሚገናኘው። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮው ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ስታትስ ፎር ነርድስ የሚለውን ክፈቺ፣ ኮንተንት ላውድነስ የሚል ቁጥር ታያለሽ፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ያንቺ ዘፈን ከነሱ ልክ ያነሰ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ እኩል ሆኖ አሁንም ትንሽ ከመሰለሽ ሚክሱን (የድምፆቹን ቅልቅል) እዪው። ቤዙ በጣም በዝቶ ከሆነ ሊሚተሩ (ድምፁ ጣራውን እንዳያልፍ የሚይዘው ፕለጊን) እሱን ሲጠብቅ የሰው ድምፅ ወደ ኋላ ይቀራል። ሊሚተር ላይ አትግፊ፣ ተመልሰሽ ቤዙን ቀንሺ።

ሚክሴን ከሌላ ሰው ዘፈን ጋር ሳወዳድር ሁልጊዜ የኔ ይደብራል፣ ተስፋ እየቆረጥኩ ነው። (ከመቀሌ)

ያ ዘፈን ማስተር የተደረገ፣ ማለትም ለመውጣት የመጨረሻው ማስተካከያ የተሠራለት ነው፣ ያንተ ገና ሚክስ ነው፣ ከ6 እስከ 10 ዲቢ ሊበልጥህ ይችላል። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲጮህ ቤዙም ቀጭኑ ድምፅም ለጆሯችን ይበልጥ ይሞላል፣ ስለዚህ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ማወዳደሪያ የምታደርገውን ዘፈን ለብቻው ትራክ ላይ አስገባው፣ ማስተሩ ላይ ባሉት ፕለጊኖች በኩል እንዳያልፍ አድርግ፣ ለመለኪያ ዩሊን ላውድነስ ሜትር የሚባለው ፕለጊን ነፃው ይበቃሃል፣ በሱ የሁለቱንም ኮረስ ለካና የሱን ወደ አንተ አውርደው። ያንተን ወደ ሱ እንዳታነሳ። ከዛ እየቀያየርክ አድምጥ፣ የቀረው ልዩነት እውነተኛው ልዩነት ነው፣ እሱ ላይ ነው የምትሠራው።

ስቀዳ ሜትሩ ስንት ላይ ይድረስ? (ከጎንደር)

በ24 ቢት ከሆነ አማካዩ -18 አካባቢ፣ ከፍ ሲል -10 ወይ -8። ቀይ እንዳይነካ። ድምፃዊው ልምምድ ላይ ከሚዘፍነው ይልቅ ቀረጻው ሲጀመር ይጮሃል፣ ስለዚህ ልምምድ ላይ ካስተካከልክ በኋላ ሌላ 3 ዲቢ ቀንስለት።