ለአጋሮ መስመር ወንድሜ፦ ከአልኮሉ በፊት መስኮትህን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ዛሬ ጠዋት አየሁት። «እንደ ኮሮና ያለ ወረርሽኝ ተመልሶ ቢመጣ፣ ከጅማ አጋሮ የምንሠራ ሚኒባሶች ተሳፋሪውን እንዴት እንጠብቅ? ታሪፉንስ ሰው ሳናስለቅስ እንዴት እናድርገው?» ብለሃል። እኔ 2012ን ያሳለፍኩት እዚያው መስመር ላይ ነው። ስለ ማስክና እጅ መታጠብ አልነግርህም፣ እሱን ታውቀዋለህ። የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

1. አሁን ተነስና የመኪናህን መስኮቶች አንድ በአንድ ሞክራቸው። የኋላዎቹንም ጭምር። የእኔ የኋላዎቹ አይከፈቱም ነበር። የጅማን ዝናብ መቼም ታውቀዋለህ። ውሃ እያስገባ ወንበር ሲያበሰብስብኝ ጋራዥ ወስጄ ዙሪያቸውን በሲሊኮን አስደፈንኳቸው። ከዚያም ረሳሁት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፣ በግማሽ ጫኑ ተባለ። 12 የምንጭነው 6 ሆነ። እኔ አንድም ነገር አላጎደልኩም። በር ላይ አልኮል አፈስላቸዋለሁ። ማታ ማታ ወንበሩን በበረኪና እወለውላለሁ። ሐምሌ ሲገባ ግን የፊቱንም መስኮት መዝጋት ጀመርን። ሰዉም ንፋስ አይወድም። ትንሽ ከፈት ስታደርገው ከኋላ «ፎዳ ጩፊ!» (መስኮቱን ዝጋ!) ይልሃል አንዱ በኦሮምኛ። ሌላዋ «ኧረ ብርድ ሊመታኝ ነው» ትላለች። ይቡ ሳንደርስ መስታወቱ በላብ ይሸፈናል። ረዳቴ በሶፍት እየጠረገልኝ ነበር የምነዳው። ሶፍቱ ረጥቦ እጁ ላይ ይቦጫጨቃል፣ ሌላ ያወጣል። በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ውሃ የሁላችንም ትንፋሽ ነው። ያኔ አልገባኝም።

መጀመሪያ ረዳቴ ታመመ። በአራተኛው ቀን እኔ። ተመርምረን ተገኘብን፣ ለይተው አስተኙን። ያየኝ ሐኪም ስለ አልኮሉ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «መኪናህ መስኮቱ ይከፈታል?» ነው ያለኝ። ዝም አልኩ። በሽታው በዋናነት በአየር እንደሚተላለፍ ዓለምም የተቀበለው ዘግይቶ ነው፣ እኔ ግን ያን ላብ በዓይኔ እያየሁ ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ስወጣ ሲሊኮኑን በምላጭ ቆርጬ አነሳሁት። አዲስ ጎማ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ በሾፌሩ በኩል የፊቱን፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ የመጨረሻውን መስኮት ከፍቼ ነው የምሄደው። አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዶፍ ሲሆን እንኳ አራት ጣት ያህል ክፍት ነው። ከመሳፈራቸው በፊት እነግራቸዋለሁ፦ «ይህ መኪና መስኮቱ አይዘጋም፣ ብርድ የሚፈራ ጋቢውን ይደርብ።» መስኮት አጠገብ ለሚቀመጠው ላስቲክ አዘጋጅቻለሁ። አንዲት እናት አጋሮ ድረስ ተቆጥተውኝ ሄዱ። በሳምንቱ ሲመለሱ ሌላ መኪና ትተው የእኔን ተራ ጠበቁ።

2. ታሪፍ። ግማሽ ጫን፣ እጥፍ ተቀበል ነበር ነገሩ። ለሾፌር ሒሳቡ ይመጣል። ቲማቲም ሸጣ ለምትመለስ ሴት ግን አይመጣም። በዚያ ላይ ኬላውን አልፈው ትርፍ እየጫኑ እጥፉን የሚቀበሉ ነበሩ። እሱ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እኔም ትርፍ ጭኜ ተይዣለሁ፣ አልደብቅህም። አመሻሽ ላይ ይቡ መንገድ ዳር ሁለት ሴቶች ቆመዋል፣ አንዷ ልጅ አዝላለች፣ ዝናብ ነው። ሌላ መኪና የለም። ጫንኳቸው፣ በነጠላ ሒሳብ። ትራፊኩ አስቆመኝና ታርጋዬን ፈታው። ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ቅጣቱንም ከፍያለሁ። ታርጋውን ለማስመለስ ግን አንድ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና አላለም። «ነገ ና» ብቻ። በሦስተኛው ቀን ስለ ሴቶቹ ነገርኩት። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ» አለኝ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፦ ስድስት ጫን ካላችሁ ሰባተኛዋን ማን ይውሰዳት? እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ስለዚህ ራሳችን መለስነው። ከተራ አስከባሪዎቹ ጋር ተነጋግረን ከ11 ሰዓት በኋላ ሁለት መኪና በየተራ ባዶውን እየወጣ መንገድ ላይ የቀረውን እንዲሰበስብ አደረግን። ነዳጁን ሁላችንም አዋጣን። ያጉረመረመ ነበር፣ ግን ሠራ። አንተ ይህን ወረርሽኝ ሳይመጣ ተስማሙበት፣ በጭንቅ ሰዓት ማንም አይሰማህም።

ሌላው፣ ታሪፉን በአማርኛና በኦሮምኛ በትልቁ ጽፌ ከወንበሬ ጀርባ ለጠፍኩት። ከሥሩ «ከስድስት ሰው በላይ ከተጫነ ሁላችሁም ነጠላ ሒሳብ ክፈሉ» ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪው ተሳፋሪው ሆነ። ረዳቴ አንድ ቀን ሰባተኛ ሊያስገባ ሲል ስድስቱም ነጠላውን ይዘው ጠበቁት። ይህን በመስመሩ የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ስሜ የተነሳውም በእሱ ነው።

3. የብር ነገርም አለ። ረዳትህ ጣቱን በምራቅ እያራሰ ብር የሚቆጥር ከሆነ ዛሬውኑ አስተወው። ያኔ ቴሌብር አልነበረም፣ አሁን አለልህ። ስልክ የሌላቸውን ግን እንዳታስወርድ፣ ዝርዝር ብር ይዘህ ውጣ።

ጋራዥ ስትሄድ መካኒኩ «ውሃ እንዳያስገባ ሲሊኮን ልምታልህ» ይልሃል፣ ርካሽ ነውና። እምቢ በለው። ጎማውን ቀይርልኝ በል፣ ቁጭ ብለህም ሲከፈትና ሲዘጋ እይ።