ባሕር ዳር ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ እንጨቱን አትናቁት

በየክረምቱ ከውጭ የሚመጡ ወገኖች ስለ ቤት ሥራ ይጠይቁኛል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ብሎኬት፣ ፌሮና ሲሚንቶ ነው። እንጨት ስላቸው ፊታቸው ይቀየራል። «የደሃ ቤት ልሥራ እንዴ?» ያለኝም አለ።

እኔ ዴንቨር 19 ዓመት የኖርኩት በእንጨት ቤት ነው። እናንተም አሜሪካ ወይም ካናዳ ካላችሁ ግድግዳችሁን አንኳኩት። ብዙውን ጊዜ ውስጡ እንጨት ነው። እዚያ ያላሳፈረን እዚህ ለምን ያሳፍረናል?

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ ነው። ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሚወጣው ከነዳጁ ብቻ አይደለም፤ ከድንጋዩ ከራሱም ይወጣል። የሰው ልጅ ከሚለቀው ከዚህ ጋዝ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የሲሚንቶ ነው። ዛፍ ደግሞ ሲያድግ ያንኑ ጋዝ ከአየር ይስባል። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ምሰሶና ጣውላ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ካርቦኑ እዚያው ይቀመጣል።

ይህ የሚሠራው ግን በተቆረጠው ምትክ ሌላ ሲበቅል ብቻ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ አምጡልኝ አትበሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህ ዛፎች ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ስትሳለሙ ዙሪያውን እዩት። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ ነው። ቡናው ጥላ ሥር ያድጋል፣ ደኑም አለ። ያንን አይቶ የአገር ዛፍ ማስቆረጥ እኔን ያመኛል።

የገበሬውን ባሕር ዛፍ ግዙ። መራዊ አካባቢ በየማሳው ዳር ሞልቷል። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። (ውሃ ስለሚጠጣ ምንጭ አጠገብ አትትከሉት።)

ማድረቁን ግን አደራ። እኔ ቸኩዬ እርጥብ ጣውላ ወለል ላይ አስመታሁ። በጋው ሲገባ ተጣመመ፣ ተሰነጠቀ፤ እንደገና አስነቀልኩት። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይሰነጠቃል። ቅርፊቱ ይላጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ጥላ ሥር በመደዳ ይደርደር፣ ንፋስ ያግኘው።

ሲሚንቶ ጨርሶ ይቅር አልልም። መሠረቱ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ይሁን፤ ከፍ ይበል፣ ምስጥ እንዳይደርስበት። ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ይበል፣ የሐምሌ ዝናብ እንጨቱን እንዳይመታው። ሥራውን ለከርሞ ካሰባችሁ ጣውላውን ዘንድሮ ገዝታችሁ አስቀምጡ።