የቀነስኩት ኪሎ ለምን ተመልሶ መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 38 ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ዳይት ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ጭራሽ ተውኩ። ቀጥሎ የፍራፍሬ ጭማቂ ብቻ እየጠጣሁ ሰነበትኩ። አሁን ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ ነው የምበላው። በመጀመሪያው 9 ኪሎ ቀንሼ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ 11 ኪሎ ሆኖ ተመለሰ። ዛሬ 82 ኪሎ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት እዘላለሁ፤ ቦርጭ ያጠፋል የተባለውን ሁሉ እሠራለሁ። አሁን ጉልበቴን ያመኛል፣ ያዞረኛል፣ ፀጉሬ ይረግፋል። የወር አበባዬም ለሁለት ወር ቀርቷል። ማታ ላይ ግን ምግብ ሳይ ራሴን መቆጣጠር ያቅተኛል። ሰውነቴ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ እኔ ቁርጠኝነት የለኝም? የትኛው ዳይት ይሻለኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የትኛው ዳይት ይሻላል የሚለውን ትንሽ እናቆየው። የሚቀድም ነገር አለ።

የወር አበባ ለሁለት ወር ከቀረ መጀመሪያ የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ ነው። «ሊሆን አይችልም» ብለው ቢያስቡም ያድርጉት። እርግዝና ካልሆነ ሐኪም የታይሮይድ ዕጢዎንና ሌሎች ሆርሞኖችዎን ያያል። ምግብ በጣም ማጉደልም ብቻውን የወር አበባን ሊያስቀር ይችላል። አንጎል የሚገባው ምግብ እንዳነሰ ሲያውቅ ሊቆይ የሚችለውን ሥራ ሁሉ ያቆያል። ማርገዝ ደግሞ በችግር ጊዜ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ማዞሩም ዝም የሚባል አይደለም። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት መውረድ ወይም የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ምንም ሳይቀምሱ አንድ ሰዓት ከመዝለል የመጣ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የደም መጠንዎ፣ የብረት ክምችትዎ፣ ታይሮይድዎና ስኳርዎ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ የሚረግፈው ሰውነት በተጎዳበት ሰሞን አይደለም፤ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ዛሬ ማበጠሪያዎ ላይ የሚያዩት ፀጉር የቀደመው ሰሞን ዕዳ ሊሆን ይችላል። ምግቡ ሲስተካከል ብዙውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል፤ ወራት ግን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። ሰውነቴ ተበላሽቶ ነው ወይስ ቁርጠኝነት የለኝም ብለዋል። ሁለቱም አይመስለኝም። ዳቦ ትቶ፣ ጭማቂ ብቻ ጠጥቶ፣ በማለዳ ተነስቶ እየዘለለ ሁለት ዓመት የታገለ ሰው ቁርጠኝነት አያንሰውም። ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምልዎ።

እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ተካሂዶ ነበር። የመራው አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራቡ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር የታሰበው። 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ገቡበት። ለስድስት ወር ያህል በቀን የሚያገኙት 1,600 ካሎሪ ገደማ ብቻ ሆነ። ልብ ይበሉ፤ ዛሬ ከዚህ ያነሰ የሚያዙ ዳይቶች ሞልተዋል። ሰዎቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ብርድ ብርድ ይላቸው ጀመር። በትንሽ ነገር ይነጫነጩ ጀመር። ከምግብ ሌላ ማሰብ አቃታቸው፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ወደ መሰብሰብ የገቡም ነበሩ። ሰውነታቸው ኃይል መቆጠብ ጀመረ፣ የልብ ምታቸው ቀዘቀዘ። ገደቡ ሲነሳ ደግሞ እስኪታመሙ የበሉ ነበሩ። ቶሎ የተመለሰላቸውም ስብ እንጂ ጡንቻ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በአካልም በመንፈስም ጠንካራ ናቸው ተብለው የተመረጡ ነበሩ።

እርስዎን ማታ ማታ የሚገጥምዎት ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተርቦ የዋለ አንጎል ማታ ሒሳቡን ያወራርዳል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። እንዲህ የሚበሉት በሳምንት ስንት ጊዜ ነው? ከበሉ በኋላ ከባድ ሐፍረት ይይዝዎታል? ለማስመለስ የሞከሩበት ጊዜስ አለ? መልሱ አዎ ከሆነ ይህም ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩት።

ስለዚያ 9 ኪሎም ትንሽ ልበል። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ስኳር አከማችቶ ይይዛል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦና ሩዝ ድንገት ሲተዉ ይህ ክምችት ይሟጠጣል፤ ውሃውም አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ወጥተን የምንደሰተው ባብዛኛው በዚህ ውሃ ነው። ሁለት ቀን ዳቦ ሲበሉ ይመለሳል። ያኔ «ይኸው ወፈርኩ» ብለው ተስፋ የሚቆርጡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። የተመለሰው ስብ አልነበረም።

የትኛው ዳይት? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት አለ። 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው አንድ ዓመት ተከታተሉ። አንዱ ቡድን ቅባት ቀነሰ፤ ሌላው እንደ ዳቦና ሩዝ ያሉ ኃይል ሰጪ ምግቦችን ቀነሰ። በዓመቱ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኞቹ 6 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ይህ ልዩነት ነው ተብሎ የሚወራ አይደለም። ሰፊው ልዩነት በየቡድኑ ውስጥ ነበር፤ ከ20 ኪሎ በላይ የቀነሰ አለ፣ የጨመረም አለ። ሁለቱም ቡድኖች ካሎሪ ቁጠሩ አልተባሉም። አትክልት አብዙ፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሱ ነው የተባሉት። ስለዚህ የዳይቱ ስም ብዙም አያሳስበኝም። እኔ የምጠይቅዎ ሌላ ነው። ልጅ አሞት ሌሊቱን ሳይተኙ ባደሩ ማግሥት፣ ሥራ በበዛበት፣ ልብ በደከመበት ቀን ይህን አበላል መቀጠል ይችላሉ? በዚያ ቀን የማይሆን ከሆነ አይበጅዎትም።

ይህን የተማርኩት ከራሴም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሌሊት ተረኝነት በዝቶብኝ 12 ኪሎ ጨመርኩ። የደም ግፊቴም ከፍ አለ። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ አንድ ሰዓት ልሮጥ ወሰንኩ። 11 ቀን ቆየሁበት። በ12ኛው ቀን ከተረኝነት ደክሜ ገብቼ ተኛሁ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለስኩበትም። ከወራት በኋላ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ አሥር ደቂቃ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳት፣ ግድግዳ ገፍቶ ፑሽ አፕ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ። ቁጭ ካልኩ እንደማልነሳ ስለማውቅ ነው ጫማዬን የማላወልቀው። በአራት ወር የቀነስኩት 3 ኪሎ ብቻ ነበር። የደም ግፊቴ ግን ከ148 ወደ 134 ወረደ። እንቅልፌም ተመለሰ። ዛሬም አልተውኩትም።

ወደ ምግቡ እንሂድ። በቀን አንዴ መብላቱን ይተዉ። ቁርስ ይብሉ፣ ምሳ ይብሉ፣ እራትም ይብሉ። በየገበታው ፕሮቲን ይኑር፤ ከ20 እስከ 30 ግራም ቢደርስ ጥሩ ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል ይሰጣል። 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው። ዓሣ፣ ሥጋ፣ እርጎ፣ ባቄላ፣ የሚወዱትን ይምረጡ። ፕሮቲን ያጠግባል፤ ክብደት ሲቀንስም ጡንቻ እንዳይሄድ ይከላከላል። የሳህኑን ግማሽ አትክልት ይያዘው። ዳቦውን፣ ሩዙን፣ ፓስታውን አያባርሩ፤ የጭብጥዎን ያህል ይበቃል። የከለከሉት ነገር ነው ማታ የሚጠራዎት።

ጭማቂን በተመለከተ ግን ጠንከር እላለሁ። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ሦስት ብርቱካን ያህል ይፈጃል። ሦስት ብርቱካን ተቀምጦ የበላ ሰው ይጠግባል። ብርጭቆውን የጠጣ ግን በደቂቃ ውስጥ ይጨርሰውና ምሳውን ይጠብቃል። የፍሬው ቃጫ ቀርቷል፤ ስኳሩ ግን እንዳለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገድቡ የሚለው ስኳር የጭማቂውንም ይጨምራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ጣሪያው 50 ግራም ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ብቻውን ግማሽ ያህሉን ሊይዝ ይችላል። ፍሬውን ይብሉት።

የታሸጉና በፋብሪካ ብዙ የተቀነባበሩ ምግቦችንም ይቀንሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት እንዲህ ባለ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ባልተቀነባበረ ምግብ አኖራቸው። የፈለጉትን ያህል ብሉ ነው የተባሉት። በተቀነባበረው ሳምንታት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ። ማንም አላስገደዳቸውም።

ስፖርቱ ላይ ሁለት ነገር ልለውጥብዎ ነው። መጀመሪያ ዝላዩን ያቁሙ። ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበት የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት በላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሰዓት ሙሉ ነው የሚዘሉት። በምትኩ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎት ፍጥነት ይሁን። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ይጨምሩ። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ከ8 እስከ 10 ጊዜ። ግድግዳ መግፋት። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ማንሳት። ትንሽ አርፈው አንዴ ይድገሙት። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ያርፋል። ጉልበትዎ የሚያብጥ፣ የሚቆለፍ ወይም የሚከዳዎት ከሆነ ግን በስፖርት አይሞክሩት፤ ይታይ።

ሁለተኛው የሆድ ስፖርት ነው። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። በላዩ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያቀልጥም። የቴኒስ ተጫዋቾችን ክንድ የለኩ ተመራማሪዎች ነበሩ። ዘወትር የሚመታው ክንድ ጡንቻው ገዝፏል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ግን ከሌላው ክንድ አላነሰም። ስብ ከየት እንደሚቀንስ የሚወስነው ሰውነት ራሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀድሞ እንቅስቃሴው በአንዴ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መሆን አለበት ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ ቀርቷል፤ ሁለት ደቂቃ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመ የታወቀ ጥናት ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት የአውቶቡስ ሹፌሮች፣ ባለ ሁለት ፎቁን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር። ቲኬት ቆራጮቹ ስፖርት እየሠሩ አልነበረም፤ ሥራቸውን ነው የሚሠሩት።

ከእንቅስቃሴ ግን ብዙ ኪሎ አይጠብቁ። የግማሽ ሰዓት እርምጃ የሚያቃጥለው ከ150 ካሎሪ ብዙም አይዘልም፤ ጥቂት ብስኩት ይመልሰዋል። የሚሠሩት ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍና የቀነሰው እንዳይመለስ ነው።

ምን ያህል ልቀንስ ካሉ፣ ለስድስት ወር 6 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ትንሽ መሰለዎት? እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተጋለጡ 3,234 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። የክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የጣሩት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው በ31 በመቶ ነው የወረደላቸው። ከ82 ኪሎ 7 በመቶ ማለት ይኸው 6 ኪሎ ገደማ ነው። በፍጥነት መቀነስ የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል፤ ከቀኝ ጎድን ሥር የሚቆርጥ ሕመም ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ሚዛኑ ላይ በሳምንት አንዴ ይውጡ። ከሚዛን ይልቅ ሜትር እመርጣለሁ። ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ በታች፣ ማለትም ከ81 ሴንቲ ሜትር በታች ቢሆን መልካም ነው። አንድ ቀን ቢያመልጥዎ አይደንግጡ። ልማድ እንዴት እንደሚጸና የተከታተሉ የለንደን ተመራማሪዎች በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አግኝተዋል፤ ለአንዱ 18፣ ለሌላው 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። በማግሥቱ ካቆሙበት ይቀጥሉ፤ ያለፈውን ለማካካስ ብለው ግን ምግብ አይዝለሉ።

ያልጻፉልኝ አንድ ነገር አለ። የሚወስዱት መድኃኒት ይኖራል? በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ካለ፣ አበላልዎን ከመለወጥዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ምግብ ሲቀየር መጠኑም ሊቀየር ይችላል። ራስዎን ስተው ከወደቁ፣ ደረትዎን ካመመዎ ወይም ልብዎ ያለ ምክንያት በኃይል ከመታ ቀጠሮ አይጠብቁ። ምርመራውን በዚህ ሳምንት ያድርጉና ውጤቱን ይጻፉልኝ።