ከእርሾ ሴል እስከ ጠዋት ሽንት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው የእርሾ ሴል ላዩ ላይ ያሉትን አንዳንድ ፕሮቲኖች ጂፒአይ በሚባል የስብና የስኳር መልህቅ እንደሚይዝ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ የተወሰነውን ልመልስ።

ኮምቦልቻ ያለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈተና ደርሶባታል። መልህቁ ፕሮቲኑ ላይ ቁራጭ በቁራጭ እየተቀጠለ ነው የሚሠራው ወይ ነው ጥያቄዋ።

አይደለም እህቴ፣ ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚሁ ላይ ነው። መልህቁ ለብቻው ተሠርቶ ያልቃል፣ ፕሮቲኑ የሚመጣው ኋላ ነው። ሥራው የሚጀመረው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው፣ ፕሮቲንና ስብ በሚሠራበት የሴሉ ክፍል ሽፋን ላይ፣ ወደ ሳይቶፕላዝም (ሴሉን ወደሚሞላው ፈሳሽ) በዞረው በኩል ነው። ፎስፋቲዲልኢኖሲቶል በሚባል ስብ ላይ ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን የሚባል ስኳር ይቀጠላል። ስድስት ፕሮቲኖች ይተባበሩበታል፣ ስኳሩን የሚያያይዘው ግን ጂፒአይ3 ነው። ይህን ስም ያዢው፣ ታች እንገናኛለን። ቀጥሎ ጂፒአይ12 የሚባል ኢንዛይም (ሥራ አቀላጣፊ ፕሮቲን) አሴቲል የሚባለውን ትንሽ ቁራጭ ከስኳሩ ላይ ይነቅላል። ከዚያ ስቡ ከነስኳሩ ተገልብጦ ወደ ውስጠኛው በኩል ይዞራል፣ የቀረው ሥራ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጂደብልዩቲ1 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ኢኖሲቶል በሚባለው የስቡ ራስ ላይ የስብ ሰንሰለት ይጨምርበታል። ማኖስ የሚባለው ስኳር ደግሞ ዶሊኮል ከሚባል ተሸካሚ እየተወሰደ አንድ በአንድ ይቀጠላል። እርሾ አራት ማኖስ የግድ ይፈልጋል፤ አራተኛውን የሚጨምረው ኤስኤምፒ3 ከጠፋ ሴሉ ይሞታል። የሰው ሴል በሦስት መኖር ይችላል። በመሃል ማኖሶቹ ላይ ኢታኖላሚን ፎስፌት የሚባል ትንሽ ማያያዣ ይለጠፋል፣ ፕሮቲኑ የሚያያዘው ሦስተኛው ማኖስ ላይ ባለው ነው።

አሁን ፕሮቲኑ ደረሰ። ጅራቱ ላይ ውሃ የማይወድ ቁራጭ አለው፣ መልህቅ እንደሚገባው የሚለየውም በዚያ ነው። ከአምስት ፕሮቲኖች የተሠራው ትራንስአሚዴዝ የሚባል ኢንዛይም ጅራቱን ቆርጦ በቦታው መልህቁን ይተክላል። ከዚያ ስቡ ይታረማል፣ ፕሮቲኑም ጎልጂ በሚባለው የሴሉ ማሸጊያና መላኪያ ክፍል በኩል ወደ ሴሉ ላይ ይሄዳል። ከፊሉ ሽፋኑ ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ ከስቡ ተቆርጦ የሴሉ ግድግዳ ላይ ይሰፋል። የኢንዛይሞቹን ስም ከመሸምደድሽ በፊት የቱ በየትኛው ወገን እንደሚሠራ እየሣልሽ አጥኚው።

የደሴዋ እናት፣ የቆየ የዳቦ እርሾ ይሠራ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ስኳር ይበጥብጡት፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ አረፋ ካላወጣ ይጣሉት።

ቢራ ጠመቃ ላይ የሚሠራ ወንድም፣ እርሾው በመጨረሻ ለምን ተጓጉሎ ይዘቅጣል ይላል። ፍሎ የሚባሉ ፕሮቲኖች ካልሲየም ባለበት የጎረቤት ሴልን ማኖስ ጨብጠው ይይዛሉ። እነሱም ግድግዳው ላይ የሚደርሱት በዚሁ መልህቅ ነው። የጋናችሁን ችግር ግን የጥራት ክፍላችሁን ጠይቅ።

አንዱ ደግሞ "ሰው መድኃኒት አጥቶ እያለ የእርሾ መልህቅ ምን ይረባል?" ብሎ ተቆጥቷል። ኧረ ለመድኃኒቱ ነው እንጂ ወዳጄ! ማኖጌፒክስ የሚባለው ፀረ ፈንገስ ውህድ የሚያግደው ያንኑ ጂደብልዩቲ1ን ነው። የሰውን አቻ ኢንዛይም አይነካም፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። በፎስማኖጌፒክስ መልክ በሕሙማን ላይ ተሞክሯል። ዒላማውም የተገኘው እርሾ ላይ በተሠራ ምርምር ነው፤ ርካሽ፣ ቶሎ የሚራባ፣ ጂኖሙ በ1996 ተነብቦ ያለቀ ሴል ስለሆነ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ከደሴ ናት። ወንድሟ ይደክመዋል፣ ጠዋት ጠዋት ሽንቱ እንደ ኮካ ይጠቁራል። ሰፈሩ "ጉበት ነው" ብሎ ቅጠል እያጠጣው ነው።

ቅጠሉን ዛሬ አቁሙ። የጠቆረ ሽንት ከወባም፣ ከጉበትም፣ ከሌላም ይመጣል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አልለይም። ግን ፒኤንኤች የሚባል አንድ እምብዛም የማይታሰብ በሽታ አለ። ከላይ ያዢው ያልኩት ጂፒአይ3 በሰው ላይ ያለው አቻ ፒግኤ ይባላል። ጂኑ በአንድ የመቅኔ ሴል ውስጥ ሲበላሽ ከዚያ ሴል የሚወለዱት የደም ሴሎች መልህቅ ያጣሉ። ሲዲ55 እና ሲዲ59 የሚባሉት ጠባቂ ፕሮቲኖችም መቆሚያ የላቸውም። ያኔ የሰውነት መከላከያ የገዛ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈነዳል። ከእናት አባት አይወረስም፣ አይተላለፍም፣ ግን ደም ሥር ውስጥ ደም ያረጋል፣ ይገድላልም። የሚለየው ፍሎው ሳይቶሜትሪ በሚባል የደም ምርመራ ነው። እዚህ ካልተገኘ የደም ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉለት ጠይቂ፣ እምቢ ቢሉሽም አትመለሺ። የነገ ጠዋቱን ሽንት በንጹሕ ብልቃጥ ያዙና ሐኪሙ በዓይኑ ይየው። ሆዱን ወይም ደረቱን ድንገት ካመመው፣ ወይም አንድ እግሩ ካበጠ፣ ነገን ሳትጠብቁ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።