90 ሴንቲ

ሰሞኑን አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ ቢሮዬ መጥታ "ሴት መሆንዎ ሥራዎ ላይ ምን ጨመረ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ምንም። አርክቴክት አርክቴክት ነው" አልኳት። ስንት ዓመት የመለስኩት መልስ ነው፤ አፌ ለምዶታል። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው።

1985 ዓ.ም. ነው። ልደታ ካለው ግቢ ከተመረቅኩ ሦስት ዓመቴ። ስሙ ቢቀየርም እኔ አሁንም "ሕንጻ ኮሌጅ" ነው የምለው። ያኔ የምንስለው በእጅ ነበር። ትሬሲንግ ወረቀት፣ ራፒዶግራፍ የሚባል የቀለም ብዕር፣ ቀለሙ ሲፈስ ደግሞ በምላጭ መፋቅ። እናንተ ኮምፒውተሩን አንዴ ነካ አድርጋችሁ ስህተታችሁን ታጠፋላችሁ። እኛ ወረቀቱ ይቀደድብን ነበር። ስለዚህ የተሳለ ነገር መቀየር አንወድም። ይሄም ሰበብ ነው እንግዲህ።

የምሠራበት ቢሮ አንድ የተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ የጋራ ማድ ቤት እንዲነድፍ ሥራ መጣለት። ስምንት ምጣድ የሚይዝ። ስዕሉ ለእኔ ተሰጠኝ። "ማድ ቤት ነው፣ ለእሷ ስጧት" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ምጣዱ የሚቀመጥበትን መደብ 90 ሴንቲ ከፍ አድርጌ ሳልኩት። ለምን 90? ከውጭ የመጣው የልኬት መጽሐፍ እንደዚያ ስለሚል። የፈረንጅ ሴት ቆማ ሽንኩርት የምትከትፍበት ከፍታ ነው። እኔን ደግሞ እናቴ ያስተማረችኝ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው። ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ምጣዱ ጉልበቷ አጠገብ ሆኖ፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሃል እያዞረች ስታፈስ ስንት ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ምጣድ ላይ እጅ የት ድረስ እንደሚዘረጋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም።

ስብሰባው ቀበሌ አዳራሽ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የኮሚቴ አባቶች፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ ሴቶቹ። ስዕሉ ተሰቀለ። ኮሚቴው ተስማማ። አንዱም ጋግሮ አያውቅም። ከኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"ልጄ፣ ይሄ መደብ አልረዘመም? እኛ ቁጭ ብለን ነው የምንጋግረው። ከቆምን ወላፈኑ ፊታችን ላይ ነው።" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ልኩን አሳዩኝ።

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ሴት ነሽ፣ ምን ትያለሽ?"

"ልክ ናቸው፣ እናቴም ቁጭ ብላ ነው የምትጋግረው" ብል በቃ የማድ ቤት አርክቴክት ሆኜ የምቀር መሰለኝ። የእንጀራ ሻጭ ልጅ መሆኔንም ቢሮ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። "ልኬቱ ስታንዳርድ ነው" አልኩ።

"እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" ብለው ተቀመጡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ገባ አልኩ። መደቦቹን በመዶሻ አፍርሰዋቸዋል። ሦስቱ ቀርተዋል፤ ጀሪካን ተደርድሮባቸዋል። ወለሉ ላይ በየጥጉ ጉልቻ። ጭስ መውጫውን ያበጀሁት መደብ ላይ ለሚነድ እሳት ነበር፤ እሳቱ ወለል ላይ ሲሆን ጭሱ ቤቱን ሞላው። ግድግዳው ጥቀርሻ ለብሷል። እኚያን እናት አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። ቡና ካልጠጣሽ አሉኝ እንጂ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኋላ ስለ ኖርማ ስክላሬክ ሳነብ ያ አዳራሽ ትዝ አለኝ። ሃርለም የተወለደች፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በኒውዮርክ የአርክቴክትነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ሥራ ፍለጋ 19 ቢሮ አንኳኩታ 19ኙም መልሰዋታል። ቶኪዮ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ብዙ ሠርታለች፤ ሕንጻው ሲነሳ የሚጠራው ግን አብሯት የሠራው አርክቴክት ሴዛር ፔሊ ነው። የእሷን ስም ሌሎች ጋረዱት። የኔን አፍ ማን ያዘው?

ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለየ። ደስ ብሎኛል። ግን ቤቱ ለሴት መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ሲነደፍ ሴቷን መጠየቅ ሌላ። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ኮሚናል የሚባለው የጋራ ቤት ግቢ ውስጥ ለብቻው ተሠራ። ሊጥ ተሸክማ ከአራተኛ ፎቅ የምትወርደው ማን እንደሆነች ያሰበ አለ? እኔ ባየሁት አንድ ሳይት ኮሚናሉ ሱቅ ሆኗል።

ዛሬ "ኮሚዩኒቲ" የማይል ፕሬዘንቴሽን የለም። ሰፈር ትሄዳላችሁ፣ ባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ ታስለጥፋላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ነው። አትቀየሙኝ። የኒጀሯን አርክቴክት ማርያም ኢሱፉን ተመልከቱ። ዳንዳጂ የሚባል መንደር ውስጥ ሊፈርስ የነበረ የጭቃ መስጊድ ነበር። ከባልደረባዋ ጋር ሆና ቤተ መጻሕፍት አደረገችው፤ አዲሱን መስጊድ ከጎኑ ሠሩ። ድሮ ያንን መስጊድ የገነቡትን ግንበኞች ፈልጋ አምጥታ አብራ ሠራች። የሚያውቀው ማን እንደሆነ ገብቷታል።

ሰዉን ጠይቁ እያልኩ ደግሞ ሌላ ልናገር። ሰው ያለውን ሁሉ አትሥሩ። አንድ ሰፈር ኮሚቴው ሴቶቹ በርበሬ የሚያሰጡበትን ሜዳ አጥረን አዳራሽ እንሥራበት ብሎ ሙጭጭ አለ። ሕዝቡ ነው ያለው ተባልኩ። እምቢ አልኩ። ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ያኔ እንዲያውም "ሴት ስለሆነች ነው" ተብሏል። ስለሆንኩ ነዋ።

በማግስቱ ለተማሪዋ ደወልኩላትና ይህንኑ ነገርኳት። ለመመረቂያዋ የጋራ ማድ ቤት እየነደፈች ኖሯል።

"ታዲያ መደቡን ስንት ሴንቲ ላድርገው?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ። ዱካ ይዘሽ ሂጂና አጠገባቸው ቁጭ በይ።"

ዝም አለች። ከዚያ "ይቅርታ፣ ዱካ ምንድን ነው?"